ጭላዳ ይበልጣል ወይስ ሸርጣን?

ሰው በጠጅ ይታሰራል። በጠብ ይታሰራል፣ በምቀኛ ጥቆማም ይታሰራል። በኛ ጊዜ በአሥመራ ደግሞ ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ የታሰረ ሰው አውቃለሁ፤ አውቶቡሱም አልመጣለት፣ የታሰረበት ምክንያትም አልተነገረው። ይህ ሁሉ ያለ ነው። እኔ ግን ፖሊስ ጣቢያ የገባሁት በሸርጣን ነው። አዎ፣ በባሕሩ ሸርጣን! ዘመዶቼ ለሰው ሲያወሩ ስለሚያፍሩ እስከ ዛሬ «በፖለቲካ ነው የታሰረው» እያሉ ያስከብሩኛል። ክብሩን ጠልቼው አይደለም፤ ግን ሳይበዛ እውነቱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው በአማርኛ በኩል ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ እኛም እንደ ሌላው ጠቅላይ ግዛት ከሆንን ወዲህ፣ ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚገባው ደብዳቤ በአማርኛ፣ የሚወጣው በአማርኛ፣ መሳቢያ ውስጥ የሚጠፋውም በአማርኛ ሆነ። እኔ የውሃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። አማርኛ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ስናገር ግን ጉሮሮዬ የራሱ ሐሳብ አለው። «ሐሙስ» ስል ከመሐል አገር የመጣው አለቃዬ ደንግጦ «ውሃ ስጡት፣ አነቀው!» ይላል። የውሃ ክፍል ነንና የውሃ ችግር የለብንም፤ ብርጭቆው ይመጣል። ጠጥቼ «የቐንየለይ» ብዬ ሳመሰግን ሁለተኛ ብርጭቆ ይመጣል። ሐሙስ ሐሙስ ፊኛዬ ሊፈነዳ ይደርስ ነበር።

በመጨረሻ ትእዛዝ ወጣ፤ የአማርኛ ትምህርት ተከታትሎ የምስክር ወረቀት ያላመጣ ሠራተኛ የደረጃ እድገት የለውም ተባለ። እኔም ከሥራ መልስ ማይ ጭሆት ወደሚገኝ ትምህርት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችንን ከአገጫችን ጋር አጋጥመን የምንቀመጥ የጉምሩክ፣ የባቡር፣ የቴሌግራም ሰዎች ነበርን። ከሁላችንም ፊት ደግሞ ምሕረት ትቀመጣለች።

ምሕረት በአንድ ጠበቃ ቢሮ የጽሕፈት መኪና የምትመታ ልጅ ናት። አቤቱታው ሁሉ በአማርኛ ካልሆነ አልቀበልም ስለተባለ ጠበቃው ነው የላካት። ጣቶቿ ከፈረስ ግልቢያ ይፈጥናሉ፣ አፏ ደግሞ ከጣቶቿ ይቀድማል። እኔ ለእሷ የማስበውን ለመናገር በትግርኛም ድፍረቱ አልነበረኝም፤ እንኳን በአማርኛ። ስለዚህ ሁለት ቋንቋ እያወቅሁ ድዳ ሆኜ ከኋላዋ እቀመጥ ነበር።

መምህራችን ይልማ ይባላል። ከሸዋ የመጣ፣ ቀጭን፣ ከወንበር ጋር ቢጋጭ ወንበሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሚስቱ ፍቼ ሆና ዝውውሩን ትጠብቃለች። እሱም ዝውውሩ እንዳይበላሽበት ብሎ አሥመራ ውስጥ ሲራመድ እንኳ እንቁላል ላይ የሚሄድ ይመስላል። የዚህ ምስኪን ሰው መከራ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነበር። ፈተናው በሕዝብ ፊት የሚደረግ ክርክር ነው። የክርክር ርእስ ደግሞ በዚያ ዘመን በአሥመራ ከባሩድ ይበልጥ ይፈነዳል።

ከኛ በፊት በነበረው ዓመት «ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር?» ብሎ ቢያከራክር፣ አንዱ ተነሥቶ «የትኛው ከተማ? አዲስ አበባ ወይስ አሥመራ?» አለና ነገሩ በቡጢ አለቀ። «ባቡር ይሻላል ወይስ መኪና?» ቢል «ባቡሩን ጣሊያን ሠራልን፤ እናንተስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጨነቀውና «እናት ትበልጣለች ወይስ አባት?» አለ። በዚህ ማን ይጣላል? አንድ ሸበቶ የጉምሩክ ሠራተኛ ቀስ ብሎ ተነሣና «የእንጀራ እናትስ?» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ አንድም ቃል አልጨመረም። አዳራሹ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ መምህሩም በጨጓራ በሽታ አልጋ ላይ ዋለ።

ስለዚህ በኛ ዓመት ፖለቲካ የማይገባበት ርእስ ፍለጋ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ መጻሕፍት ሲገለብጥ ሰንብቶ አንድ ቀን ፊቱ እንደ መስቀል ደመራ በርቶ መጣ።

«አገኘሁ!» አለን። «ጭላዳ ይበልጣል ወይስ ሸርጣን?»

ዓመቱን የሚደግሙት የጉምሩኩ ሽማግሌ «ምንድን ነው ያለው?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

«ተመልከቱ» አለ መምህር ይልማ፣ ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ጭላዳ በሰሜን ተራሮች ላይ የሚኖር ዝንጀሮ መሰል ፍጥረት ነው። ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ሸርጣን ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር የሚኖር፣ አከርካሪ የሌለው ፍጥረት ነው። አንዱ ደገኛ፣ አንዱ ቆለኛ። አንዱ ጠጉራም፣ አንዱ መላጣ። ከተፈጠሩ ተያይተው አያውቁም። ሁለት ነገሮች ደግሞ ሰው በግድ ካላገናኛቸው በቀር አይጣሉም!»

ከኋላ ያሉት ተያዩ። አንዱ ሳሉን ዋጠ። መምህሩ ግን በኩራት ፈገግ እንዳለ ነው፤ የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም። ንጹሕ ሰው ነበር፣ ንጹሕ ሰው ደግሞ ከነገረኛ ይልቅ ያስገድላል።

ዕጣ ተጣለ። ጭላዳው ለምሕረት ወጣ፣ ሸርጣኑ ለእኔ።

እንግዲህ እኔ ማን ነኝ? በአሥመራ ማይ ተመናይ ተወልጄ ያደግሁ፣ ባሕርን የማውቀው በሰላምታ ካርድ ላይ የሆነ ደገኛ ነኝ። ስለ ሸርጣን የማውቀው ወደ ጎን እንደሚሄድ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን መሄድ ደግሞ ለክርክር አይበቃም፤ የኛ አለቆችም ይሄዱታል። ነገር ግን ምሕረት ፊት መዋረድ አልፈለግሁም። እሑድ ጠዋት ተነሥቼ የሳልሳ ጣሳ ይዤ ምጽዋ ወረድኩ።

ምጽዋ በዚያ ወር አየሩ አይተነፈስም፤ ይጠጣል። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ጫማዬን አንገቴ ላይ አስሬ፣ ባሕሩ ዳር በእንብርክኬ እየሄድኩ ጉድጓድ ለጉድጓድ መቆፈር ያዝኩ። ዓሣ አጥማጆች አዩኝ። አንድ የደጋ ሰው ከአሸዋ ጋር ሲነጋገር ባዩ ጊዜ «ፀሐይ መታው» ብለው ጥላ ሥር ጎትተው አስቀመጡኝ፣ ራሴ ላይም ውሃ አፈሰሱ። እዚያ ተቀምጬ እያለሁ ነው አንድ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል እግር አውጥቶ ጫማዬ ላይ ሲወጣ ያየሁት።

ይህ የሸርጣን ዓይነት ጉደኛ ነው። ከፊት ጋሻና ጦር የያዘ ወታደር ነው፤ ከወገቡ በታች ግን ራቁቱን ነው የተፈጠረው። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ሞቶ የተወውን ዛጎል ፈልጎ፣ በቂጡ ገብቶ፣ ተሸክሞት ይዞራል። ሲያድግና ዛጎሉ ሲጠበው ሌላ ይቀይራል፤ ካጣም የጎረቤቱን ይቀማል። ይህን ሁሉ ዓሣ አጥማጆቹ አጫወቱኝ። እኔም «ይህማ ብልህ ነው፣ ለክርክር ይሆናል» ብዬ ጣሳዬ ውስጥ አገባሁት። የልቤን ንጽሕና ልብ በሉ፤ መምህር ይልማን አልሜ «ንጹሕ ሰው ያስገድላል» ያልኩትን መልሼ ለራሴ እወስዳለሁ።

ስመለስ ነፋሲት ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ጣሳውን ብከፍት ባዶ ነው። ወንበር ሥር ፈለግሁ፣ ኪሴን ፈተሽኩ። ገና ጠመዝማዛውን መንገድ መውጣት እንደጀመርን አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ሴትዮ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ትከሻቸው ላይ እጁን አነሣ።

«ዕንቅርቢት! ዕንቅርቢት!» ብለው ጮኹ። ጊንጥ ማለታቸው ነው። አውቶቡሱ ገደል አፋፍ ላይ ሲጢጥ ብሎ ቆመ፣ ሕዝቡ በበርም በመስኮትም ወረደ። እኔ ሸርጣኔን ከነጠላው ላይ አንሥቼ በሐፍረት ስወርድ ረዳቱ ደረቴን ያዘኝ።

«ይህን ለምን ይዘህ ትሄዳለህ?»

«ለትምህርት ነው።»

«ጊንጥ የሚያስፈልገው ለየትኛው ትምህርት ነው?»

«ለአማርኛ።»

አንድ አባት ራሳቸውን በኀዘን እየነቀነቁ «ወይለይ! እዚህ ደረስን እንዴ?» አሉና እጄን ይዘው ወደ አውቶቡሱ መለሱኝ። ሴትዮዋም ሳይቀሩ አዘኑልኝ፤ አሥመራ እስክንደርስ ድረስ ብርቱካን እየላጡ አጎረሱኝ።

የክርክሩ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘመድ መጥቷል፣ የዘመድ ዘመድ መጥቷል፤ «የእንጀራ እናትስ?» የተባለበት ክርክር ዝናው ስለተወራ ምንም የማይመለከተው ሰውም መጥቷል። መምህር ይልማ ለደኅንነቱ ሲል የክብር እንግዳ ጠርቷል፤ የአካባቢው ፖሊስ ሻምበል። ሻምበሉ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ተደርጎላቸው፣ መለዮ ቆባቸውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ከጀርባችን ግድግዳው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል አለ፤ ማለቴ በዚያ ዘመን የሌለበት ግድግዳ አልነበረም።

ምሕረት ጀመረች።

«ጭላዳ የማንንም አይነጥቅም። ሥጋ አይበላም። ሳሩን እየለቀመ፣ ቁጭ ባለበት እየተንፏቀቀ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል።»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ሻምበሉም ፈገግ አሉ።

«ትከሻው ላይ ካባ ደርቦ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም» ብላ ቀጠለች «በእውነቱ ግርማዊ ፍጥረት ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ግርማዊ» የሚባለው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ሥዕሉ እዚያው ነበር። የሻምበሉ ፈገግታ ጥርሳቸው ላይ ደረቀ። ምሕረት ግን ዐይኗን እንኳ አልሰበረችም። «ሌላው ፍጥረት ልቡን ይደብቃል፤ ጭላዳ ግን ልቡን ደረቱ ላይ በቀይ አትሞ ለሁሉ ያሳያል። ሌሎችም ቢማሩበት ጥሩ ነው» አለችና ወደ እኔ አየች።

ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሣሁ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር፣ እሱን ተናገርኩ።

«ሸርጣን ብልህ ነው! ከወገቡ በታች ራቁቱን ነው፤ ግን አያፍርም። ቤት አይሠራም። ድንጋይ አይሸከምም፣ ግንበኛ አይጠራም። ሌላው ለፍቶ የሠራውን ቤት ያያል። ዙሪያውን ይዞራል። ይለካል። ከዚያ በቂጡ ይገባና 'የኔ ነው፤ ጥንትም የኔ ነበር!' ይላል።»

መጀመሪያ አንድ ሰው አፍንጫው ውስጥ ሳቀ። ከዚያ አንድ ረድፍ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እንደ ጎርፍ ደረመሰ። እኔ በሕይወቴ ሰው ሲስቅብኝ እንጂ ሲስቅልኝ አይቼ አላውቅም። ወኔ መጣብኝ። መምህር ይልማ ከጥግ ሆኖ ጉሮሮውን በእጁ እየቆረጠ የሚያሳየኝን ምልክት አየሁት፤ «አሳጥር» ማለቱ መሰለኝ።

«ቤቱ ሲጠበውም የጎረቤቱን ይቀማል! ጭላዳስ? ጎፈሩን ያየ ሁሉ አንበሳ ነው ይላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት እንጂ! አንበሳ መስሎ ሳር ይግጣል!»

የጉምሩኩ ሽማግሌ ወንበር ላይ ወጥተው «ይደገም!» አሉ። ደገምኩት።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ምናልባት በምክር ይለቁኝ ነበር። እኔ ግን ማስረጃ ይዣለሁ። ጣሳዬን ከፍቼ ሸርጣኑን በክብር እንግዳው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አዳራሹ በእግሩ ጣት ቆመ። ሸርጣኑ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ዛጎሉን እየጎተተ በቀጥታ ወደ ሻምበሉ ቆብ ሄደ።

«ተመልከቱ!» አልኩ፤ አፌን የሚዘጋልኝ ጠፋ። «ቤት አየ! አሁን ይዞራል!»

ዞረው።

«አሁን ይለካል!»

በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

«አሁን ይገባል!»

ገባ። ያውም ከውስጥ በኩል ካለው የቆዳ ጠርዝ ሥር ተሸጉጦ፣ አንድ ጥፍር ብቻ ወደ ሕዝቡ አውጥቶ። «ጥንትም የኔ ነበር!» ብሎ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጨረሰለት። ሻምበሉ በቁጣ እጃቸውን ቆቡ ውስጥ ሰደዱ፤ ወዲያው ጮኸው አወጡት፣ ሸርጣኑ ጣታቸውን ነክሶ መልሶ ቦታውን ይዟል።

«ስብሰባው ተበትኗል!» አሉ ሻምበሉ፣ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው።

ወደ ጣቢያ ስንሄድ ያየን ሰው ለቀብር የምንወጣ ሳይመስለው አልቀረም። ሻምበሉ ያለ ቆብ ከፊት፤ እኔ፣ ምሕረትና መምህር ይልማ መሐል፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ወታደር ቆቡን ከነሸርጣኑ ታቦት እንደሚያወጣ ቄስ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያይ። ሰምበል ያኔ ወህኒ ቤቱ ያለበት ነው፤ የጉምሩኩ ሽማግሌ በር ላይ ጠብቀው «ሰምበል ይበርዳል፤ ጋቢ አስልክ» ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ከማይ ተመናይ ወደ ሰምበል ቤት ልቀይር ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት ሁሉ አንድ በአንድ እየተመለሰ የገባኝ። «ጥንትም የኔ ነበር»ን የጨመርኩት እኮ ለማሳመር ነው!

ሻምበሉ ጣታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀመጡ።

«ሸርጣኑ ማን ነው?»

«ሸርጣን ነው ጌታዬ።»

«ከየት መጣ?»

«ከምጽዋ።»

«ማን ላከው?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«በምን?»

«በሳልሳ ጣሳ።»

ጠረጴዛውን መቱ፤ በታመመው እጅ ስለነበር ዐይናቸው እንባ ሞላ። «አትቀልድ! አንተ ሰውዬ፣ መንግሥት የቱ ነው? ሸርጣኑ ነው ጭላዳው? ሸርጣኑ ከሆነ አመሰገንኸው። ጭላዳው ከሆነ ሰደብኸው። ሁለቱም ከሆኑ...» ቆም ብለው አሰቡና ግራ ገባቸው። «ሁለቱም ከሆኑ ማን ከማን ተከራከረ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ስለ እንስሳ ነው የተናገርኩት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ፤ እኔ የሰሜን ልጅ ነኝ፣ ከደባርቅ። ጭላዳ የአባቴን ገብስ ስንት ዘመን ሲያጠፋ ኖሯል። እንደ ሰው ከጠየቅኸኝ፣ ሳር ይግጣል ያልኸው አንሶታል። እንደ መንግሥት ግን አስርሃለሁ።» ወደ በሩ ዞሩ። «ጸሐፊው የት አለ?»

«ቅዳሜ ነው፣ ወጥቷል» አለ ወታደሩ ከነቆቡ።

ምሕረት ተነሣች። «የጽሕፈት መኪና እኔ እመታለሁ፤ ሥራዬ ነው» አለች። ሻምበሉ ተከሳሽ መሆኗን ረስተው «ደግ፣ ተቀመጪ» አሏት። ወረቀት አስገባች፣ ጣቶቿን አፍተለተለች። የራሴን ክስ የምወዳት ልጅ ስትጽፍ ቆሜ አያለሁ። ከዚህ የባሰ አላሰብኩም ነበር።

«ይናገሩ» አለች።

«ተከሳሹ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ 'አንበሳ መስሎ ሳር ይግጣል' በማለት...»

«በማለት» አለች፣ መኪናው እየተንጣጣ። «ማንን እንደሆነ ልጻፍ?»

«እ?»

«'በማለት እገሌን ሰደበ' ነው የሚባለው። ያለ ስም ክስ አይሆንም፤ ጠበቃው ሁልጊዜ የሚለው ይህን ነው። ማንን ልበል?»

«ያው... ታውቂው የለም እንዴ!»

«እኔማ ጭላዳ ሲባል የሚታየኝ ጭላዳ ነው» አለች፣ እንደ ሰንበት ተማሪ አንገቷን ደፍታ። «ለእርስዎ የታየዎትን ስም ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ። ከሥሩ እርስዎ ይፈርማሉ።»

ሻምበሉ ቀስ ብለው ግድግዳውን አዩ፤ እዚያም ሥዕሉ አለ። የጽሕፈት መኪናውን አዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

«'ጭላዳን ሰደበ' በይ» አሉ በመጨረሻ።

«ጭ-ላ-ዳ-ን ሰ-ደ-በ» አለች እየመታች። «ከሳሽ ማን ልበል? ጭላዳው ራሱ ይቀርባል?»

ሻምበሉ ወረቀቱን ከመኪናው መዝዘው ቀደዱት፣ ቁርጥራጩንም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። መምህር ይልማ እስከዚያ ትንፋሹን ይዞ ኖሮ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተነፈሰ። ሸርጣኑም ክሱ መቀደዱን የሰማ መሰለኝ፣ ከቆቡ ወጥቶ ወታደሩ ክንድ ላይ መውጣት ጀመረ። በጣሳዬ ተቀበልኩት።

ሻምበሉ ቆባቸውን ደጋግመው አራግፈው ደፉት። ቆቡ ሲመለስ ግን መንግሥትነታቸውም ተመለሰ። «ቆዩ» አሉ። «ክርክሩ ያለ ውጤት ከቀረ ነገ ከተማው 'መንግሥት ፈርቶ በተነው' ይላል። አሸናፊው ዛሬውኑ ይታወቅ። መምህር፣ ማን አሸነፈ?»

መምህር ይልማ ገረጣ። «ጭላዳ... ይሁን?»

«ተራራው ባሕሩን አሸነፈው ብለው ያወሩብናል። አይሆንም።»

«እንግዲያው ሸርጣኑ።»

«የሰው ቤት የቀማ ተሸለመ ልትል? ያውም በእኔ ቆብ?»

መምህሩ እጁን እያፋተገ የዋህ ፈገግታ ፈገግ አለ። «እንግዲያው እኩል ናቸው እንበል። ሁለቱም በየአገራቸው የከበሩ፣ በየራሳቸው የሚተዳደሩ፣ በአንድ መድረክ የተገናኙ...»

«ምን?» ሻምበሉ ከወንበራቸው ተስፈነጠሩ። «እኩልማ ፌዴሬሽን ነው!»

ወታደሩ ሮጦ መስኮቱን ዘጋ።

መምህር ይልማ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ተናገረ።

«ሁለቱም ወድቀዋል።»

«በምን?»

«በሰዋስው። እሷ ሳር 'ይለቅማል' አለች፤ የሚለቀመው እህል ነው፣ ሳር ይነጫል። እሱ ደግሞ ዐይኑን «ዐ»ን ባወጣ ቁጥር ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው። ጭላዳም ሸርጣንም ነጻ ናቸው፤ የወደቁት ሰዎቹ ናቸው።»

ሻምበሉ ተራምደው ሄደው አቀፉት። «ሰዋስው!» አሉ። «ሰዋስው ፖለቲካ የለበትም!»

እንዲህ ሆነና ተፈታን። ሸርጣኑን በማግስቱ ለምጽዋ አውቶቡስ ሾፌር አደራ ሰጠሁት፤ «ባሕሩ ዳር ልቀቀው» ብለው ከነጣሳው ተቀበለኝ። ጓደኞቼ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ደረጃቸው አደገ። እኔና ምሕረት ግን ዓመቱን እንድንደግም ተፈረደብን። ቤተ ዘመድ አለቀሰልኝ። እኔ ግን በልቤ ሻምበሉን እመርቅ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አልፎ ስለሄደ ክፍሉ ውስጥ የማውቃት እሷን፣ የምታውቀውም እኔን ብቻ ሆነ።

የአዲሱ ዓመት ትምህርት የተጀመረ ዕለት ምሕረት የፊት ወንበሯን ትታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መጽሐፏን እየገለጠች፣ ሳታየኝ፣ «ንስኻስ ናይ ብሓቂ ዓሻ ኢኻ» አለችኝ። አንተስ የእውነት ጅል ነህ ማለቷ ነው። እንደዚያ ያለ ምስጋና ከአለቃዬም ሰምቼ አላውቅ።

መምህር ይልማ ክርክር የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ትቷል። አሁን ግስ ብቻ ነው የሚያስተምረው። «ግስ ከማንም አይጣላም» ይላል። ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ «ወደደ» ብሎ ጻፈና፣ ሳይዞር፣ ዐረፍተ ነገር እንድሠራ ጠራኝ።

ተነሣሁ። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። በዚያች ሰዓት ያ የአለቃዬ ብርጭቆ ውሃ ቢመጣልኝ አልጠላም ነበር።

«እኔ ምሕረትን እወዳታለሁ» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ምሕረት ዞረ። መምህሩ ግን መጻፉን ቀጠለ። «ጥሩ። አድራጊ ግስ ነው። ተሳቢውንም አልረሳህም፤ ከአምናው በጣም ተሻሽለሃል። ምሕረት፣ አንቺ ደግሞ ወደ ተደራጊ ለውጪው።»

ምሕረት ተነሣች። «ምሕረት ትወደዳለች» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንዋደዳለን» አለች።

መምህር ይልማ ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ መጽሐፉን ገለጠ ገለጠ አደረገ።

«እሱ ተደራራጊ ነው» አለ። «ገና አልደረስንበትም።»